ሁለት ጤነኛ ጥርስ ያስነቀለኝ ኩርፊያ

ሁለት ጥርስ አስነቅያለሁ። ሁለቱም ጤነኛ ነበሩ። ማንም አላስገደደኝም፤ እኔው አፌን ከፍቼ «ንቀሉልኝ» ብዬ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። እንደ እኔ ያለ ወንድ በየቤቱ መኖሩን ስለማውቅ ነው። የማይጠጣ፣ የማይሳደብ፣ በሚስቱ ላይ እጁን የማያነሳ፣ ቤተ ክርስቲያን ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ሲከፋው ግን አፉን ዘግቶ ሦስት ሳምንት የሚሰነብት ሰው። ያ ሰው ይህን ሲያነብ ምናልባት ጆሮ ግንዱን እያሻሸ ይሆናል።

ስሜ ምትኩ ነው። አቡ ዳቢ፣ ሙሳፋህ ውስጥ የኤሲ መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። ባለቤቴ ሰናይት ነርስ ናት። አንዲት ልጅ አለችን፣ ቤቴል ትባላለች፤ ሕመሙ ሲጀምረኝ ሰባት ዓመቷ ነበር።

አንድ ጠዋት ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለችው ካፍቴሪያ የገዛሁትን ፓራታ የሚባል የሕንድ ቂጣ ስጎርስ ከግራ ጆሮዬ ሥር «ቀጭ» አለብኝ። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ጫኝና አውራጆቹ እያዩኝ አገጬን በእጄ ወደ ላይ ገፍቼ ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ የፊቴ ግራ ጎን የኔ አልሆነም። ጠዋት ስነሣ ድንጋይ ሳኝክ ያደርኩ ይመስለኛል። ጆሮዬ ይጮኻል። ሕመሙ ከጆሮዬ ተነሥቶ ወደ ግንባሬ ይወጣል፣ መልሶ ወደ ጥርሴ ይወርዳል። መጀመሪያ ሥጋ ማኘክ ተውኩ፤ በኋላ ዳቦም ሻይ ውስጥ እያራስኩ መብላት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሐኪም ጆሮዬን አይቶ «ኢንፌክሽን ነው» አለና ጠብታ አዘዘልኝ። ጠብታው አለቀ፣ ሕመሙ አላለቀም። ሁለተኛው «ሳይነስ ነው» አለ፤ በአፍንጫና በዓይን ዙሪያ ያሉት የአጥንት ክፍተቶች ተቆጥተዋል ማለቱ ነው። አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። ሦስተኛው አንገቴን ጠርጥሮ ለመታሸት ሕክምና ላከኝ።

የክሊኒኮቹን መጠበቂያ ክፍል አልረሳውም። ውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል፣ ውስጥ ሰው ጃኬት ለብሶ ይንቀጠቀጣል። ተራ ቁጥሬን ይዤ ስክሪኑ ላይ አፈጣለሁ። ከኔ በኋላ የመጣ ሰው ቀድሞኝ ሲገባ ጥርሴን እነክሳለሁ እንጂ ተነሥቼ «ተራዬ ነው» አልልም። ከዚያ ስገባ ሐኪሙን አኮርፈዋለሁ። ሲጠይቀኝ በአንድ ቃል እመልስለታለሁ። እንግዲህ ሐኪሞቹ አላወቁልኝም ብዬ ስንት ጊዜ ረግሜያቸዋለሁ፤ ምን ነግሬያቸው ነው የሚያውቁልኝ?

ሁለተኛው ሐኪም ጋ ሰናይት አብራኝ መጥታ ነበር። ነርስ ስለሆነች አስረዳለታለሁ ብላ ነው። እኔ ግን በዚያ ሳምንት አኩርፌያታለሁ። በመካከላችን አንድ ወንበር ባዶ ትቼ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ክፍል ስንገባ ወደ እኔ ዞራ፣

«ስታኝክ ነው የሚብስብህ ወይስ ጠዋት ስትነሣ?» አለችኝ።

ሐኪሙን እያየሁ በእንግሊዝኛ «ጠዋት» አልኩት። ሌላ ጠየቀችኝ። አሁንም መልሱን ለሐኪሙ ሰጠሁ። ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ።

«ባልና ሚስት ናችሁ?»

«እሱን ጠይቀው» አለችው ሰናይት።

ያኮረፍኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ አንድ ወንድም፣ አል ፈላሕ ያለውን ቤቱን ስፈልግ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው መንደር ውስጥ መዞሬን ሲያወራ ሰናይት ሳቀች። ይኸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን አላናገርኳትም።

ኩርፊያዬ ነቀፋ የሚገኝበት ዓይነት አልነበረም። አስቤዛ እገዛለሁ፣ ቆሻሻ አወጣለሁ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ሰናይትን ብቻ እንደሌለች እቆጥራታለሁ። የምላት ነገር ሲኖር በልጅቷ እልካለሁ። «ቤቴል፣ ቁልፉን የት እንዳደረገችው እናትሽን ጠይቂልኝ» እላለሁ፤ እናትየው ሁለት እርምጃ ርቃ ሽንኩርት እየከተፈች። ቤቴል ዞር ትልና «ማሚ፣ ዳዲ ቁልፉ የት ነው እያለ ነው» ትላለች። ሰናይት መጀመሪያ መጀመሪያ ትለምነኝ ነበር። «ምን አደረግኩህ? ንገረኝና ይቅርታ ልጠይቅ» ትላለች። በሩን ከፍታ ስትለምነኝ ውስጤ የሆነ ነገር ይጠግባል። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

አባቴም እንዲሁ ነበር። ሆሳዕና ከተማ ልጆች ሆነን አንድ ክረምት ሙሉ እናታችንን ሳያናግር ከርሟል። ሰፈሩ «ታጋሽ ሰው» ይለው ነበር። እኔም ራሴን ታጋሽ ነኝ እል ነበር።

ወደ ጥርሱ ልመለስ። ሕመሙ መንጋጋዬ ላይ ሲበረታ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ራጅ አንሥቶ «ብዙም የሚታይ ነገር የለም» አለኝ። «እንግዲያውስ ንቀለው» አልኩት። እምቢ አለ። አኮረፍኩትና ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያለው ነቀለልኝ። አንድ ሳምንት የተሻለኝ መሰለኝ፤ ከዚያ ሕመሙ ወደ ጎረቤቱ ጥርስ ተሻገረ። ያንንም አስነቀልኩ። ኢንሹራንሱ ጥርስ አይሸፍንም፤ ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ለሕመሙ የምውጠው ኪኒን ደግሞ ጨጓራዬን ላጠው። በዚያ ሁሉ መሃል ሰናይት ሾርባ እየሠራች ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥልኛለች። እበላለሁ፣ ሳህኑን አጥባለሁ፣ አመሰግናለሁ አልልም።

አንድ ማክሰኞ ሰናይት ሥራ ስትወጣ በር ላይ ቆመች። «አል ዐይን ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ» አለች። «ቤቴልን ይዤ እሄዳለሁ። እንድቀር ከፈለግህ ንገረኝ። ዝም ካልክ ተስማማህ ማለት ነው።»

ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ጠበቀችኝ። ሻንጣ ስታዘጋጅ አየኋት፣ የቤቴልን የትምህርት ቤት ወረቀቶች ስትሰበስብ አየኋት። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ትቀር እንደነበር በኋላ ራሷ ነግራኛለች። ዓርብ ከሰዓት የሥራ ጓደኛዋ መኪና ይዛ መጣችና ጫኑ። ቤቴል ስማኝ ሄደች። እኔ አሁንም ትክክለኛው እኔ ነኝ ብዬ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። መንገጭላዬ እስከ ማታ አልተከፈተም።

ሕመሜን ያወቀችልኝ ዶክተር ሪም የምትባል ወጣት ሶሪያዊት ጥርስ ሐኪም ናት። አፌን አይታ፣

«እነዚህ ሁለቱ የት ሄዱ?» አለች።

«ተነቀሉ።»

«ማን አዘዘ?»

«እኔ።»

ጓንት ያደረገች ጣቷን ጉንጬ ላይ አድርጋ «ንከስ» አለችኝ። ነከስኩ። «ይህ ጉንጭ አይደለም፣ የክብደት አንሺ ክንድ ነው» አለች። ጥርሶቼ እርስ በርስ ሲፋጩ ኖረው ጫፋቸው እንደተሞረደ በመስታወት አሳየችኝ። ጥርስ መንከስ ይባላል፤ ሰው ሲጨነቅ ወይም ንዴቱን ሲውጥ ሳያውቀው ቀንም ሆነ ተኝቶ መንገጭላውን ይጨመድዳል፣ ጡንቻው ይቆስላል፣ ሕመሙ ወደ ጆሮና ወደ ጥርስ ይሄዳል።

«ማን አናደደህ?» አለችኝ።

«እኔ አልናደድም።»

ስተኛ የማጠልቀው በጥርሴ ልክ የተሠራ ፕላስቲክ ሰጠችኝ። በአምስት ሳምንት በስቼው መለስኩላት። ወደ መብራቱ አንሥታ አየችውና «ውሻ ያኘከው ይመስላል» አለች። ሌላ ወረቀት ጻፈች። የጻፈችው ለወንዶች የቡድን ሕክምና ነበር፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ባለችበት ጥቂት ወንዶች ክብ ሠርተው ስለ ትዳራቸው፣ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ንዴታቸው የሚነጋገሩበት ነው። ለጥርስ ሄጄ እብድ ተባልኩ ብዬ ወረቀቱን ጨምድጄ መኪና ውስጥ ወረወርኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ሰናይት ደወለች።

«የቤቴል አስተማሪ አስጠርታኝ ነበር» አለች።

«ምን ሆነች?»

«አብራት የምትቀመጠውን ልጅ አታናግርም። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ልጅቷ እያለቀሰች ትለምናታለች፣ ያንተ ልጅ ግድግዳ ታያለች። ማጥፊያ ሲያስፈልጋት በሌላ ልጅ ነው የምታስጠይቃት። ማን እንዳስተማራት ልንገርህ?»

ስልኩን ዘጋሁባት። በሚቀጥለው እሑድ ስደውል ቤቴል አላነሣችልኝም።

ያን ወረቀት ከመኪናው ወለል ላይ ያነሣሁት ለመዳን ብዬ አልነበረም። ሦስት አራት ጊዜ ተገኝቼ «ይህ ሰው ምንም የለበትም» የሚል ማስረጃ አጽፌ ለሰናይት ልልክላት ነበር።

ቡድኑ ቅዳሜ ከሰዓት ይሰበሰባል። ከተማው ውስጥ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር፣ ውኃ፣ ሶፍት። የምትመራው ዶክተር ሰልማ የምትባል ሱዳናዊት ነበረች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። በሩን ከፍቼ ሳይ ከሰባቱ ወንዶች አንዱ ሐበሻ ነው። ስድሳ የሚጠጋው፣ እጁ የሰፋ፣ የግንባታ ፎርማን። ስሙን ቀይሬ ጋሽ ወንድሙ እለዋለሁ፤ ይህን እንድጽፍም ፈቅዶልኛል።

ወደ ዶክተሯ ጠጋ ብዬ «ሐበሻ ባለበት አልቀመጥም» አልኳት። ወሬው ዓርብ ዕለት፣ እዚህ አገር ለአምልኮ በምንሰበሰብበት ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚደርስ ታይቶኛል። ሽማግሌው ሰምቶኛል።

«እኔም አልጋበዝኩህም» አለኝ በአማርኛ። «ወንበሩ ግን ያንተም የኔም አይደለም።»

ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ለምን እንደመጣ ይናገራል። ጆርጅ የሚባል የሕንድ፣ የኬራላ ሰው፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሲናደድ ሳህን ይወረውር እንደነበር ተናገረ፤ ልጁ የሳህን ድምፅ ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች አለ። ጋሽ ወንድሙ «ሚስቴን እመታ ነበር» አለ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር። ሚስቱ አገር ቤት ከገባች ዓመታት አልፈዋል፣ ልጆቹ ስልኩን አያነሡም። እኔ ዙሪያውን ቃኝቼ ከነዚህ ጋር ምን አገናኘኝ አልኩ። ተራዬ ሲደርስ «መንገጭላዬን ያመኛል» ብዬ ዝም አልኩ።

ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። እሄዳለሁ፣ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፣ እወጣለሁ። በአራተኛው ጆርጅ ፈነዳ።

«ከባኒያስ ድረስ የምመጣው ሐውልት ለማየት አይደለም» አለ። «እኛ ነውራችንን እያወጣን እሱ ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል።»

ጋሽ ወንድሙ «ዳኛ አይደለም፣ እያኮረፈን ነው» አለና ቃሉን ለሌሎቹ ለማስረዳት ተቸገረ። «በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም» አለ። «ሰውየው አጠገብህ አለ፣ ግን ቀብሮሃል። አንተ ከላይ ሆነህ ታለቅሳለህ፣ እሱ ይሰማል።»

ዶክተር ሰልማ «እኛም አገር ሞልቷል» አለች። «ዘዓል እንለዋለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ምትኩ፣ አሁን ምን ተሰማህ?» አለችኝ።

መንገጭላዬ ተቆለፈ። ቃል ልናገር ብል እንኳ አልችልም ነበር። ተነሣሁና በሩን ሳልወረውር፣ በጥንቃቄ ዘግቼ ወጣሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምወጣው።

ወደ መኪናዬ ግን አልሄድኩም። መጠበቂያው ክፍል ገብቼ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ አለፈ። ማንም አልወጣም። አሥር ደቂቃ። የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ፊቴን አጠቁራለሁ፤ የምትወጣው ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከዚያ ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። እኔ እዚህ ተቃጥዬ እነሱ ይስቃሉ። እንዴት እንደጠላኋቸው ልነግራችሁ አልችልም። ግን ደግሞ ለምን አልሄድም? ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ማን ያዘኝ? ያኔ ነው ራሴን የያዝኩት፤ አንድ ሰው ወጥቶ እንዲለምነኝ እየጠበቅኩ ነበር። አርባ ዓመት የሆነኝ ሰው፣ የማላውቃቸው ወንዶች እንዲያባብሉኝ።

አርባ ደቂቃ ግድም ተቀምጬ ተመልሼ ገባሁ። እንደቆምኩ፣

«ለምን አልጠራችሁኝም?» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ።

«እንድንጠራህ ፈልገህ ነበር?» አለች ዶክተር ሰልማ።

«አዎ።»

ያቺ «አዎ» ከሁለቱ ጥርስ ይልቅ አመመችኝ። ጆርጅ ወንበሬን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። «እኔ ልጠራህ ተነሥቼ ነበር፣ እሷ ከለከለችኝ» አለ እየተቆጣ። ጋሽ ወንድሙ ግን አልራራልኝም።

«ሚስትህ ስንት ጊዜ ነበር የምትጠራህ?» አለኝ።

አልመለስኩለትም። ያልመለስኩት ግን አኩርፌ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተሰጠኝ ልምምድ ለመናገር ቀላል ነው፤ የከፋኝን ነገር በዚያው ዕለት፣ ለዚያው ሰው፣ ሳልሳደብ መናገር። በመጀመሪያው ወር ከሦስት ሰው ጋር ተጣላሁ። ለመጋዘኑ ሹፌር፣ ለአለቃዬ፣ በምሳው ላይ ላሳቀብኝ ወንድም ሳይቀር ነገርኳቸው። አለቃዬ «ምን ነካህ? ዝምተኛ ሰው ነበርክ» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እነጆርጅ ይሰሙኛል፣ ይነቅፉኛል፤ «ይህ መናገር አይደለም፣ መክሰስ ነው» እያሉ ያስደግሙኛል። እኔም ሳህኑን ሲያነሣ ምን አስቦ እንደነበር ጆርጅን እጠይቀዋለሁ። በፍቅር የተያየን አይመስለኝም። ግን በሳምንት አንዴ አንዳችን ሌላውን አንዋሽም። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ጆሮዬ እንደማይጮኽ አስተዋልኩ። መቼ እንዳቆመ አላውቅም።

ቡድን እንደምሄድ በስልክ ነግሬያት ነበር፤ ድኛለሁ ብዬ አል ዐይን ሄድኩ። ሰናይት ሂሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ትልቅ ቪላ ግቢ ጥግ ያለች ትንሽ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ከግቢው በር አላሳለፈችኝም። ውጭ አጥሩ ጥላ ሥር ቆመን መኪና እየነዳሁ የተለማመድኩትን ንግግር ጀመርኩ።

«በሠራሁት ተጸጽቻለሁ። ዝምታዬ እንደጎዳሽ ገብቶኛል...»

«ቡድንህ ያስጠናህን ተወው» አለችኝ። «እናቴ የሞተች ቀን ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ። ከአራት ዓመት በፊት።»

«ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

እውነቴን ነው፣ አላስታወስኩም።

«ወንድሜ ደውሎ ሲነግረኝ ኩሽና ነበርኩ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መጥተህ በሩ ላይ ቆምክ። ያኔ አኩርፈህ ነበር፣ በምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። አየኸኝና ተመልሰህ ሄድክ። ከዚያ ቤቴል መጣች። አራት ዓመቷ ነበር። ‹ማሚ፣ ዳዲ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሏል› አለችኝ። ቃሉን በደንብ መጥራት እንኳ አትችልም ነበር።»

እያለቀሰች አልነበረም። የሚጠሉትን ሰው እንደሚያዩ ቀጥ ብላ ነበር የምታየኝ። አፌን ከፍቼ ምንም አልወጣልኝም።

«ይኸው፣ እንደገና» አለችና ገባች።

አቡ ዳቢ እስክደርስ መንገጭላዬ ተቆልፎ ነበር። መኪናዬን እየነዳሁ፣ በመንገዱ ዳር ያለውን አሸዋ እያየሁ እሷን ለመጥላት ሞከርኩ። ውሸቷን ነው ለማለትም ሞከርኩ። ግን ነገሩ እየመጣልኝ ነበር፤ የኩሽናው ወለል፣ ስልኩ ጎኗ ወድቆ፣ እኔ ቤቴልን ትከሻዋን ይዤ ወደ በሩ ስገፋት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡድኑ አልሄድኩም። ማታ ጋሽ ወንድሙ ደወለ። ቁጥሬን ከየት እንዳገኘ አልጠየቅኩትም።

«ቀረህ» አለኝ።

«አሞኝ ነው።»

«ምን አለችህ?»

ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«የኔዋ አንድ ቃል ሳትናገረኝ ነው የሄደችው» አለ በመጨረሻ። «ያንተዋ ገና እየተናገረች ነው። እኔ ብሆን በእግሬ ነበር የምሄድላት። ሂድና ስማ፣ ግን አትከራከር።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ለልጆችዎ...»

«ስለኔ አልጠየቅኩህም» ብሎ ዘጋው።

ሄድኩ። ከዚያም በየእሑዱ ሄድኩ። መጀመሪያ ከአጥሩ ውጭ፣ በኋላ ግቢው ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ። ሰናይት የያዘችውን አንድ በአንድ አወጣች። አንዳንዱን አስታውሳለሁ፣ አንዳንዱን አላስታውስም። አንዳንዱ ላይ ትክክል አልነበረችም፤ እሱንም ተናገርኩ፣ ተጣላን፣ ጎረቤት እስኪሰማን ተጯጯህን። ከተጋባን እንዲያ ተጣልተን አናውቅም ነበር። ለእናቷም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ለራሷ፣ በራሴ አፍ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት። «ዘገየህ» አለችኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። እስከ ዛሬም አላለችኝም። አሁንም እሷ አል ዐይን፣ እኔ አቡ ዳቢ ነን። አልፎ አልፎ ምሳ እዚያ እበላለሁ።

ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የፊትህን አንድ ጎን የሚያምህ ከሆነ፣ ጠዋት ጥርስህ ደክሞ የምትነሣ ከሆነ፣ ነቃዩን ሐኪም ከመፈለግህ በፊት ጡንቻህን የሚዳስስ ፈልግ። ስለ ቤትህ ሲጠይቁህ አትቆጣ። ቡድን የሚሉትን ነገር ስትገባ ትጠላዋለህ፤ እኔ ዛሬም መንገድ ላይ ሆኜ ምነው በቀረሁ የምልበት ቅዳሜ አለ። ሐበሻ ካለ ግን አትሽሽ። አንተን በቋንቋህ የሚገስጽ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው።

ባለፈው ወር ቤቴል ትምህርት ቤቷ መድረክ ላይ በዓረብኛ ግጥም ታነብ ነበር። እመጣለሁ ብያት ነበር። በዚያው ቀን ሙሳፋህ ኮንቴይነር ገባና ቀረሁ። እሑድ ስሄድ ግቢው ውስጥ ታብሌቷን ይዛ ተቀምጣለች። ሰላም ስላት ዓይኗን አላነሣችም። ጁስ ገዝቼላት ነበር፤ አልነካችውም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆየን። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ በየመስታወቱ ሳየው የኖርኩት ነው።

«ቤቲ» አልኳት። «እንድለምንሽ ፈልገሽ ከሆነ እለምንሻለሁ። ብትጮሂብኝ ግን ደስ ይለኛል። የትም አልሄድም።»

ጣቷ ስክሪኑ ላይ ቆመ። ከዚያ ታብሌቱን ጎኗ አስቀመጠችና፣

«ዩ ፕሮሚስድ» አለች። «እመጣለሁ ብለህ ነበር። ሁሉም ዳዲዎች ነበሩ። እኔ በሩን ነበር የማየው። ግጥሙን ረሳሁት። መሃሉን ረሳሁት፣ ሚስ ነገረችኝ፣ ልጆቹ ሳቁ። አይም ሶ ማድ አት ዩ። በጣም ነው የተናደድኩብህ።»

ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ። ሰናይት ፎጣ እንደያዘች በሩ ላይ ወጣች። ገብታ እንደምታስቆማት ጠብቄ ነበር፤ ቆማ ቀረች።

ኮንቴይነሩን ልነግራት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ልክ ነሽ» አልኳት። «ቃል ገብቼ ቀረሁ። ሌላስ?»

ዓይኔን አተኩራ አየችኝ፣ የምሄድ መሆን አለመሆኔን እንደምታጣራ። ከዚያ እግሯን አጣጥፋ ወደ እኔ ዞረች። ሌላም ነበራት።